ወላጆች ልጆቻቸውን ስለ ገላቸውና ስለ ጉልምስና የማስተማር ግዴታ ያለባቸው ስለ መኾኑ

እጅግ ርኅሩኅ እጅግ አዛኝ በኾነው በአላህ ስም።

ምስጋና ሰውን ከጭቃ ለፈጠረው፣ ዘሩንም ከደካማ ውሃ ላበዛው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላምም ለሰዎች ትልቁንም ትንሹንም ነገር ላስተማሩት ለነቢያችን ለሙሐመድ፣ ለቤተ ሰባቸውና ለባልደረቦቻቸው ኹሉ ይኹን።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ፣ አላህ ለእኛም ለአንተም ይዘንልንና፣ ይህን ዕወቅ፤ በዲማም ኾነ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸናም ኾነ በሞጣ፣ የሙስሊም ልጅ ሎሑን ይዞ ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ ከፋቲሓ ቀጥሎ የሚቀራው ዐማ ጁዝእን ነው። በዚያች ጁዝእ ውስጥ ሰው ከረጋ ደም እንደ ተፈጠረ የምትናገረው የዐለቅ ሱራ አለች፤ ከሚፈናጠር ውሃ እንደ ተፈጠረ የምትናገረው የጧሪቅ ሱራ አለች፤ ከጠብታ ተፈጥሮ በልክ እንደ ተሠራ የምትናገረው የዐበሰ ሱራ አለች። ልጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እነዚህን ኹሉ በቃሉ ይይዛቸዋል። ከዚያም ወደ ፊቅህ ሲሻገር ሰፊናን ይዠምራል፤ ሰፊናም ገና በመግቢያው አካለ መጠን መድረስ በምን በምን እንደሚታወቅ ይዘረዝርለታል።

እንግዲህ ይህ ልጅ በዐረብኛ የሚያነበንበው ነገር በአማርኛ ምን ማለት እንደ ኾነ ማን ነገረው? ከዚያ ስፍራ ሲደርስ አንዳንድ መምህር ትርጓሜውን ፈጥኖ ያልፈዋል፤ ደረሳዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ይተያያሉ። አባት ልጁ ኪታብ መዠመሩን ሰምቶ ደስ ይለዋል፤ በኪታቡ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከልጁ ጋራ አይነጋገርም። ልጁ በዐረብኛ የሚለውን በአማርኛ አያውቀውም፤ አባትም በአማርኛ የሚያውቀው ነገር በዐረብኛ እንደ ተሸፈነ እንዲቀር ይወዳል። ይህንንም ኀፍረትና ጨዋነት ብለን ሰይመነዋል። የሃይማኖት ሊቃውንት ግን ሌላ ስም ሰጥተውታል።

በሒጅራ አቈጣጠር በ676 ዓመት የሞቱት ኢማም ነወዊ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አል-መጅሙዕ በተባለው ሰፊ መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ በወላጆች ላይ ያለውን የማስተማር ግዴታ ዘርዝረዋል። አባቶችም እናቶችም ትንንሽ ልጆቻቸውን አካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ግዴታ የሚኾንባቸውን ነገር ኹሉ አስቀድመው እንዲያስተምሩ ያዝዛሉ፤ ጦሃራውን፣ ሰላቱን፣ ጾሙን። ቀጥለውም ዝሙት ሐራም መኾኑን፣ ወንድ ከወንድ ጋራ የሚፈጽመው ሥራም ሐራም መኾኑን እንዲያሳውቋቸው ይናገራሉ። በመጨረሻም አካለ መጠን በመድረስ ሰው ከተጠያቂነት ውስጥ እንደሚገባና አካለ መጠን መድረሱ በምን ምልክት እንደሚታወቅ እንዲነግሯቸው ያዝዛሉ። አስተውል፤ ኢማሙ ትንንሽ ልጆች ብለዋል፤ ነገሩ ከመድረሱ በፊት ማለታቸው ነው። እናቶችንም ከአባቶች ጋራ አብረው አንሥተዋል። ይህ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የሻፍዒያ ፊቅህ ነው፤ ከፈረንጅ አገር ዛሬ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን የምንለው በመስጊድ ደጃፍ ይህ ትምህርት የነጮች ትምህርት ነው የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ሌሊት በሕልሙ የዘር ፈሳሽ ካየ፣ ወይም አንዲት ልጃገረድ የወር አበባ ካየች፣ ከዚያች ሰዓት ዠምሮ መላእክት ሥራቸውን ይጽፋሉ። ገላን መታጠብ ግዴታ ይኾናል፤ ሳይታጠቡ የሚሰገደው ሰላት አይበቃም። ታዲያ ያልተነገረው ልጅ በምን ያውቀዋል? ወላጅ ዝም ያለ እንደ ኾነ ልጁ በጀናባ እየሰገደ ዓመት ሊያልፈው ይችላል፤ ልጅቱም የጾም ዕዳ ተሸክማ ዕዳ እንዳለባት ሳታውቅ ትዳር ልትይዝ ትችላለች።

ሐያእ፣ ማለት ዐይነ አፋርነት፣ ከእምነት ክፍል እንደ ኾነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሐያእ አነጋገርን ያሳምራል እንጂ ዕውቀትን አያስቀርም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ወደ ነቢዩ መጥታ፣ አላህ ከእውነት እንደማያፍር አስቀድማ ከተናገረች በኋላ፣ ሴት በሕልሟ እንደ ወንድ ያለ ነገር ብታይ ገላዋን መታጠብ ይኖርባት እንደ ኾነ ጠየቀቻቸው። ነቢዩም ፈሳሹን ካየች አዎን አሏት። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) አፍራ ፊቷን ሸፈነችና ሴትም እንዲህ ያጋጥማታልን ብላ ጠየቀች፤ ነቢዩ ግን ልጅ እናቱን የሚመስለው በምን እንደ ኾነ ጠይቀው መለሱላት። ከእነዚህ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ፊቷን ሸፍና ጠየቀች፤ ሌላይቱ ሳትሸፍን ጠየቀች፤ ሁለቱም መልስ አገኙ። የምእመናን እናት ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ስታመሰግን ሃይማኖታቸውን ከመማር ኀፍረት እንዳልከለከላቸው ተናግራለች። ሰልማኑል ፋሪሲንም (ረ.ዐ.) አጋሪዎች፣ ነቢያችሁ ሽንት ቤት መቀመጥን ሳይቀር ያስተምራችኋል ብለው ሊሳለቁበት በፈለጉ ጊዜ፣ አዎን ብሎ አኰራበት እንጂ አላፈረበትም።

ስለ አነጋገሩ የጠየቅህ እንደ ኾነ ቁርአን ራሱ መንገዱን ያሳይሃል። አላህ የባልንና የሚስትን ግንኙነት ሲያነሣ መንካት ይለዋል፤ መቅረብ ይለዋል፤ አንዱ ለሌላው ልብስ ነው ይላል። ነገሩ ተነግሯል፤ ቃሉ ግን ንጹሕ ነው። በአማርኛችንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የምንተረጕመው ሰዎች ከዐረብኛው ዐውራ የሚለውን ቃል ኀፍረተ ገላ ብለን መልሰነዋል፤ ለሕፃን ግን ብልት ማለት ይቀላል። ዋናው ነገር ልጁ ለእናቱም፣ ለሐኪሙም፣ ቢያስፈልግ ለዳኛውም ያለ እፍረት ሊናገረው የሚችል አንድ የታወቀ ስም እንዲኖረው ነው። የማቈላመጫ ስም ብቻ የተማረ ልጅ ከቤቱ ውጭ ቃል የለውም፤ በግጦሽ ሜዳ የስድብ ስም ብቻ የተማረ ልጅ ደግሞ በእናቱ ፊት ቃል የለውም።

በባላገር የሚያድግ ልጅ ነገሩን ፈጽሞ አያውቅም ማለት ራስን ማታለል ነው። ኮርማ ላምን ሲሰራት አይቷል፤ ላም ስትወልድ እግሩን ይዞ ጥጃውን ስቧል። ከእረኞችም ጋራ ይውላል፤ እረኞች ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያ ሜዳ የሚያወሩት አንድ ዐይነት ነው። ስለዚህ ልጁ እኔ ከየት መጣሁ ብሎ ሲጠይቅ ከወንዝ አገኘንህ ብሎ መመለስ ሁለት ጕዳት አለው። አንደኛው ውሸት መኾኑ ነው፤ ውሸት ለልጅ ቢነገርም ውሸት ነው። ሁለተኛው ልጁ ጥቂት ቈይቶ እውነቱን ከእረኛው ይሰማና አባቱን በዚህ ነገር ኹለተኛ አይጠይቀውም። ዐምስት ዓመት ለኾነው ልጅ አላህ በእናትህ ሆድ ውስጥ አሳደገህ፣ ከዚያም ወለደችህ ማለት ይበቃዋል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲኾነው በሙእሚኑን ሱራ ከጠብታ እስከ ረጋ ደም፣ ከረጋ ደም እስከ ቍራጭ ሥጋ፣ ከዚያም አጥንቱ ሥጋ እስኪለብስ ድረስ የተዘረዘረውን የፅንስ ደረጃ ልታስተምረው ትችላለህ። ጠብታው ከአባትና ከእናት እንደ ኾነ፣ ይህም በኒካሕ ብቻ የተፈቀደ እንደ ኾነ ያን ጊዜ ይነገረዋል። ከዚህ በላይ ካልጠየቀ አትጨምርበት፤ ልጅን በማይሸከመው መጫን ትምህርት አይደለም።

በኑር ሱራ አላህ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ዘንድ ሲገቡ በሦስት ጊዜ ፈቃድ እንዲጠይቁ አዝዟል፤ ከንጋት ሰላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ ሰላት በኋላ። አካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ደግሞ በማናቸውም ጊዜ መጠየቅ አለባቸው። ይህ ትእዛዝ በራሱ ትምህርት ነው፤ ለምን እንጠይቃለን ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርምና። ነገር ግን በዲማ ደጋ ብዙው ሰው የሚኖረው በአንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ወላጅ በአልጋ፣ ልጆች በመደብ ላይ፣ በር የሌለበት። ምን እናድርግ የሚል ሰው መጋረጃ ይጋርድ፤ አንድ የሸማ መጋረጃ ከበር ይቈጠራል፤ ልጁም ከመጋረጃው ውጭ ኾኖ ድምፁን ያሰማ። ዐሥር ዓመት የደረሱ ልጆችን መኝታ እንድንለይ ነቢዩ አዝዘዋል። ብርዱ ጸንቶ ወንድምና እኅት በአንድ ቡልኮ ሥር ካልተኙ የማይሞቁ መስሎ ቢታይም ለእያንዳንዱ የራሱ ልብስ ይሰጠው። ቡልኮ መግዛት ለድኻ ከባድ መኾኑን እናውቃለን፤ ይኹንና ለሰርግና ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ሲታይ ይህ የሚበልጥ አይደለም።

አኹን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ለልጅ ስለ ገላው የሚነገረው ጦሃራውን እንዲያውቅ ብቻ አይደለም፤ እንዳይደፈርም ነው። ገና በስድስት በሰባት ዓመቱ ወንዱም ሴቷም እንዲህ ሊነገራቸው ይገባል፤ ብልትህን ማንም ሊያየው ወይም ሊነካው አይገባም፤ እናትህ ስታጥብህ፣ ወይም ሐኪም እኛ ባለንበት ሲያይህ ካልኾነ በቀር። ማንም ሰው የሌላን ብልት ንካ ብሎ ሊያዝዝህ አይችልም። ይህን ያደረገ ሰው ለእናትህ አትንገር ቢልህ በዚያው ቀን ንገረን፤ አጎትህም ቢኾን፣ ጎረቤትም ቢኾን፣ የታላቅ ወንድምህ ጓደኛም ቢኾን፣ ቁርአን የሚያስቀራህ መምህርም ቢኾን። እኔም መምህር ነኝና ይህን ቃል የጻፍኩት በራሴ ላይ ጭምር ነው። የመምህር ክብር በወላጅና በልጅ መካከል የዝምታ ግድግዳ ሊኾን አይገባውም፤ ንጹሕ መምህርን ይህ ቃል አይነካውም።

ልጁም ከተናገረ በኋላ የመዠመሪያው መልስህ ቍጣ አይኹን። ብዙ ልጅ የሚደበቀው ኃጢአት የሠራ መስሎት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሦስት ሰዎች ላይ ብዕር እንደ ተነሣ አስተምረዋል፤ ከእነርሱም አንዱ አካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ልጅ ነው። የተገደደም ሰው እንዲሁ አይጠየቅም። ስለዚህ አንተ በደል የለብህም፣ በደሉ የእርሱ ነው ብሎ መናገር ለማጽናናት ብቻ የሚባል አይደለም፤ የሸሪዐ ፍርድ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕግ መሄድ ይገባል። በሽምግልና ተሸፍኖ፣ ለአባት ካሣ ተከፍሎ፣ ወይም ልጅቱ ለደፈራት ሰው ተድራ ነገሩ ሲበርድ በአገራችን ብዙ ታይቷል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባት ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከ1997 ዓ.ም. ዠምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ይህን መንገድ ዘግቶታል። ዛሬም በሽማግሌ የሚዘጋው እንግዲህ ሕጉም ሸሪዐውም ያልዘጉት ነገር ነው።

ስለ ሴት ልጅ የወር አበባ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ብዙው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። እናት ልጇ ጡት ስታጐጠጕጥ ባየች ጊዜ መናገር አለባት፤ ደሙን እስክታይ ልትጠብቅ አይገባም። ያልተነገራት ልጅ ደም ስታይ የቈሰለች ወይም የተረገመች ይመስላታል። በድሮ አማርኛ የወር አበባን መርገም ብሎ የሚጠራ አለ፤ ይህን ቃል በቤታችን ማስገባት አይገባንም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለሐጅ በጕዞ ላይ ሳለች ሰሪፍ በተባለው ስፍራ የወር አበባ ቢመጣባት አለቀሰች። ነቢዩም ገቡና ምን እንዳስለቀሳት ጠየቋት፤ ምናልባት የወር አበባ መጣብሽን አሏት። ከዚያም ይህ አላህ በአደም ሴቶች ልጆች ላይ የጻፈው ነገር መኾኑን ነገሯት፤ በካዕባ ዙሪያ ከመዞር በቀር ሐጅ የሚያደርግ ሰው የሚያደርገውን ኹሉ እንድታደርግ አዘዟት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በል፤ አስቀድመው ጠየቁ፤ ነገሩን በስሙ ጠሩ፤ ከአላህ መኾኑን ነገሩ፤ ከዚያም ምን ማድረግ እንደሚገባት አስተማሩ። አንዲት እናት ለልጇ ከዚህ የተሻለ ሥርዐት አታገኝም።

አቡ ዳውድ ደግሞ አንዲት የበኒ ጊፋር ልጅ የተናገረችውን ዘግበዋል። ይህች ልጅ ወደ ኸይበር በተደረገው ዘመቻ ከነቢዩ ኋላ በኮርቻው ዕቃ ላይ ተፈናጥጣ ስትሄድ ከግመሉ በወረደች ጊዜ በዕቃው ላይ ደም አየች፤ የመዠመሪያዋም የወር አበባ ነበር። አፍራ ተሸማቀቀች። ነቢዩም ይህን አይተው ምናልባት የወር አበባ አይተሽ ይኾናል አሏት፤ ራሷን እንድታስተካክል፣ በዕቃ ውሃ ወስዳ ጨው እንድትጨምርበትና ደሙን እንድታጥብ፣ ከዚያም ወደ መፈናጠጫዋ እንድትመለስ ነገሯት። የዚህ ሐዲስ ሰንሰለት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ደካማነት አንሥተዋል፤ ለፍርድ ማስረጃ ሳይኾን ለምግባር ትምህርት እናነሣዋለን። አላባረሯትም፤ ከጕዞ አልለዩአትም፤ ጨውና ውሃን ግን ነገሯት።

እናትም ለልጇ ይህን ጨውና ውሃ ትንገራት። ጨርቁ በምን እንደሚታጠብ፣ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደሚደርቅ እንጂ በጓዳ ጨለማ ተደብቆ እንደማይቀመጥ፣ ከትምህርት ቤት ስትውል ምን ይዛ እንደምትሄድ ታስረዳት። ቀኑን እንድትቈጥር ታስተምራት፤ በሻፍዒያ መዝሀብ ትንሹ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ብዙው 15 ቀን፣ የተለመደው ስድስት ወይም ሰባት ቀን ነው፤ በሐነፊያ መዝሀብ ትንሹ ሦስት ቀን፣ ብዙው ዐሥር ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የተወችውን ሰላት አትከፍልም፤ የተወችውን ጾም ግን ከረመዷን በኋላ ትከፍላለች። ብዙ ልጃገረዶች በረመዷን ከአባታቸውና ከወንድሞቻቸው አፍረው በወር አበባ ሳሉ ጾመኛ መስለው ይውላሉ፤ ሌላዋም ተደብቃ ትበላና ቀኑን አትከፍልም። ጾሟ አልተቈጠረላትም፤ ረኃቡ ግን ደርሶባታል። ይህን ያመጣው የወንዶቹ አለማወቅ ነው። አባት ሆይ፣ ልጅህ ለፈጅር ባትነሣ በወንድሞቿ ፊት ለምን አልሰገድሽም ብለህ አትጠይቃት። ወንዶች ልጆችህንም እኅታቸው በወር ውስጥ የማትሰግድባቸውና የማትጾምባቸው ቀኖች እንዳሏት፣ ይህም የማያስጠይቅና የማያሳፍር እንደ ኾነ አስተምራቸው። ዓኢሻ በወር አበባ ሳለች የጠጣችበትን ዕቃ ነቢዩ ተቀብለው አፏ ባረፈበት ስፍራ አፋቸውን አሳርፈው ይጠጡ ነበር። ሳህኗን የሚለይባት ወንድም ይህን ይስማ።

የወንድ ልጅ ነገር አጭር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እናት ለሴት ልጇ ባትነግር እንኳ እኅት ወይም አክስት ትነግራታለች፤ ለወንዱ ግን የሚነግረው ሰው የለም። አባት ልጁ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲኾነው በመንገድ ላይ ወይም በእርሻ ላይ ለብቻ ኾነው ይንገረው። ሌሊት በእንቅልፍህ ፈሳሽ ብታይ በሽታ አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም፣ በፈቃድህ አልመጣምና፤ ከዚያች ቀን ዠምሮ ግን እንደ እኔ ያለህ ሰው ነህ፤ ተነሥተህ ገላህን ታጠብ። ይህም ብቻውን አይበቃም። በዲማ ብርድ ገና ሳይነጋ ገላን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ምን እንደ ኾነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ እሳት አንድዶ ውሃ ቢያሞቅ ለምን ብለው እንዳይጠይቁት ስለሚፈራ ሳይታጠብ ይሰግዳል። ስለዚህ አባት ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ በእንስራ ውሃ እንዲኖር ያድርግ፤ ለልጁም ሌሊት ውሃ ብታሞቅ በዚህ ቤት ማንም አይጠይቅህም ይበለው። ማሞቂያ የታጣ እንደ ኾነና ቅዝቃዜው የሚጐዳ ከኾነ ተየሙም አለ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ኾኖ ነፍሱን ስለ ፈራ ተየሙም አድርጎ ጓደኞቹን አሰገደ፤ ለነቢዩም በተነገራቸው ጊዜ ሳቁ እንጂ አልገሠጹትም።

ምናልባት አንድ ሰው ይህን ኹሉ ከነገርናቸው ይባልጋሉ ቢለን እንዲህ ብለን እንመልስለታለን። አንድ ወጣት ወደ ነቢዩ መጥቶ ዝሙት ይፈቀድልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ሰዎቹም ጮኹበት። ነቢዩ ግን አቀረቡት፤ ለእናትህ ትወድላታለህን፣ ለልጅህስ፣ ለእኅትህስ፣ ለአክስትህስ እያሉ ጠየቁት፤ እርሱም አልወድም እያለ መለሰ። እጃቸውንም በላዩ ላይ ጭነው ልቡ እንዲጠራና ብልቱ እንዲጠበቅ ለመኑለት። አሕመድ የዘገቡት ይህ ወጣት ከዚያ በኋላ ወደዚያ ነገር ዘወር አላለም። የጮኹት ሰዎች ቢያሸንፉ ኖሮ ወጣቱ ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ዛሬ ያ ሌላው በኪሱ ውስጥ ነው። ስልክ ከከተማ አልፎ ወደ ግጦሽ ሜዳ ወርዷል፤ በስልክ የሚታየውም ነገር ከእረኛ ወሬ የከፋ ነው፤ ሴትን እንደ ዕቃ፣ ግንኙነትንም እንደ ድብድብ አድርጎ ያሳያልና። ልጅህ አንድ ነገር መስማቱ አይቀርም፤ የምትመርጠው ከማን እንዲሰማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከሚመጣ ስሕተት እናስጠንቅቅ። ልጄ ለአካለ መጠን መድረሷን ዐወቅሁ፣ እንግዲህ ልዳራት የሚል አባት አለ። በሰፊና የተዘረዘረው ምልክት፣ ማለት በጨረቃ አቈጣጠር 15 ዓመት መሙላት፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር 14 ዓመት ከስድስት ወር ተኩል ያህል መኾኑ ነው፣ ወይም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚታየው ፈሳሽና የወር አበባ፣ ሰላትና ጾም ግዴታ መኾኑን ያመለክታል እንጂ ገላ ለመውለድ መጽናቱን አያመለክትም። በኒሳእ ሱራ አላህ የቲም ልጅ አካለ መጠን ደርሶ እንኳ አስተዋይነቱ ካልታየ ገንዘቡ እንዳይሰጠው አዝዟል። ገንዘቧን ልንሰጣት የማንችል ልጅ ሕይወቷን እንዴት ለሌላ ቤት እንሰጣለን? በጎጃም ልጅን ገና በሕፃንነቷ መዳር በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የቈየ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶ የሚያህሉት 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ኾነው ተገኝተዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ለወንድም ለሴትም 18 ዓመትን ወስነዋል። አጥንቷ ሳይሰፋ የምታምጥ ልጅ ምጡ ለቀናት ሊቈይባት ይችላል፤ በመካከሉ የሽንት ፊኛዋ ይቀደድና ሽንቷን መቈጣጠር ሳትችል ትቀራለች። ሐምሊን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታልና ኋላ በባሕር ዳር የተከፈተው ቅርንጫፍ የሚጠግኑት ይህን ነው። እንዲህ ያለች ሴት ሽንቷ እየፈሰሰ ለሰላት ስትዘጋጅ የሚደርስባትን መከራ የፊቅህ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ለሴት ልጅ ስለ ገላዋ ሲነገር፣ መች መውለድ እንደምትችልና ያለ ፈቃዷ መዳር እንደማይገባት አብሮ ይነገራት።

አንደበቴ አይታዘዝልኝም የሚል ወላጅ ይኖራል፤ በዚህ አይነቀፍም። ዐልይ (ረ.ዐ.) ከወንድ የሚወጣው ቀጭን ፈሳሽ፣ መዝይ የሚባለው፣ እጅግ ይበዛበት ነበር፤ የነቢዩን ልጅ ያገባ ስለ ኾነ እርሳቸውን መጠየቅ አፈረ። ነገር ግን ሳይጠይቅ አልቀረም፤ ሚቅዳድን ላከው፤ ሚቅዳድም ጠይቆ ብልቱን አጥቦ ውዱእ ማድረግ እንደሚበቃው ይዞለት መጣ። አንዲት የአንሷር ሴትም ከወር አበባ በኋላ እንዴት እንደምትጠራ ነቢዩን ስትጠይቃቸው፣ ሚስክ በተቀባ ጨርቅ ተጣሪበት አሏት፤ እርሷም አልገባትም፤ እንዴት ብላ ደግማ ጠየቀች። ነቢዩ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ዓኢሻ ሴትዮዋን ወደ ራሷ ስባ የደሙን ፋና እንድትከተልበት ገለጸችላት። ስለዚህ አባት ያፈረ እንደ ኾነ አጎት ይንገር፤ እናት ያፈረች እንደ ኾነ አክስት ትንገር፤ እናት የሌላት ልጅ ያለባት አባት የምትታመን ጎረቤት ይለምን። የሚላከው ሰው ግን ምን እንደሚናገር አስቀድሞ ይነገረው፤ ከተመለሰም በኋላ ልጁ የጠየቀውንና የተመለሰለትን ወላጅ ይጠይቅ። የሚቀረው ጥያቄ ካለ፣ ወደ ዲማ መስጊድ ከዐስር በኋላ የሚመጣ አባት ለብቻው ጠይቆ መልሱን ይዞ ይሄዳል፤ እናቶችም ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ከጁሙዐ በኋላ ወደ መምህሩ ሚስት ይመጣሉ።